መናኸሪያው፣ ፕሮቲኖቹና የእኔ መውጫ

ባዮሎጂ ተምሬያለሁ። ተመርቄያለሁ አላልኩም፤ ተምሬያለሁ ነው ያልኩት። በአገራችን አሁን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮርሶቹን ሁሉ አልፈሽ፣ ላብራቶሪውን ጨርሰሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አስረክበሽ ስታበቂ አንድ ነገር ይቀርሻል፤ መውጫ ፈተና ይባላል። እሱን ያለፈ ዲግሪውን ይይዛል። ያላለፈ ሰው ምን እንደሚባል ግን እስካሁን ስም አልወጣለትም። ተማሪ አይደለም፣ ምሩቅም አይደለም። እኔ እዚያ መሃል ነኝ፤ ይህንንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልናገርም።

የመጀመሪያውን የወደቅሁት በጥቂት ነው። ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ «እኮ በጥቂት ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ በጥቂት መውደቅ በብዙ ከመውደቅ ይብሳል ባይ ነኝ፤ በብዙ የወደቀ ሰው ቁርጡን አውቆ ያርፋል። ከፈተናው በፊት እንደ ሌላው ሁሉ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነስቼ ነበር። ፎቶው በትልቁ ታትሞ አማን ከተማ፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ውጤቱን በስልኬ ያየሁት እዚያው ከፎቶው ሥር ተቀምጬ ነው። እላዬ ላይ ጥርሷን ገልጣ የምትስቀውን ልጅ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እናቴ አጠገባችን ባለችው ሚዛን ከተማ ገበያ ላይ ኮረሪማ፣ ጥምዝና እርድ ትሸጣለች። አባቴ ገና ትንሽ ሳለሁ ስለሞተ ያደግሁት በዚያ ቅመም ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው በቤንችኛ ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ስለሆነ ዋጋ ላይ ማንም አይሸውዳትም፤ ከዋጋ ወጣ ያለ ወሬ ሲመጣ ግን ቃሉን በምታውቀው ቦታ ታስቀምጠዋለች። ፊቴ ሲጠቁር አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እኔም ነገሩን ለማለዘብ ብዬ «መማሩንማ ጨርሻለሁ፤ መውጫ ብቻ ነው የቀረኝ» አልኳት። መውጫ የሚለውን በቤንችኛ ምን እንደምለው ጠፋኝና እንዳለ በአማርኛ ተውኩት። ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

እናቴ መውጫን በደንብ ታውቀዋለች። ቅመሟን ጭና ወደ ቴፒም ሆነ ወደ ቦንጋ ስትሄድ ሚኒባሱ ዝም ብሎ ከመናኸሪያው አይወጣም። ተራው መድረሱ፣ ተሳፋሪው መሙላቱ ይታይና ሾፌሩ ከአንዲት መስኮት ትንሽ ወረቀት ይቀበላል፤ እሷን በሩ ላይ ያሳያል፤ ሰንሰለቱ ይወርድለታል። ያቺ ወረቀት መውጫ ትባላለች። እንግዲህ ልጇ ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ ጨርሳ፣ ተሞልታ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የሚሰጣት ሰው አጥታ በር ላይ ቆማለች ማለት ነው። በማግስቱ የእሁድ ቀሚሷን ለበሰች፣ ለእኔ ምንም ሳትነግር ባጃጅ ያዘችና ሚዛን መናኸሪያ ሄደች።

የሆነውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ከሾፌሮቹ ኋላ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብላ «መውጫ ስጠኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

«ለማን ነው እማማ?»

«ለልጄ።»

«ታርጋዋ ስንት ነው?»

እናቴ ትንሽ አሰበች አሉ። ከዚያ ቀጥ ብላ «ታርጋ የላትም፤ የተማረች ናት» ብላ መለሰችለት።

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ አማን ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ባጃጅ ነጂው፣ ሱቅ ያለው፣ አብሮኝ ሃይስኩል የተማረው ሁሉ ሲያገኘኝ «ታርጋዋ የሌላት፣ የተማረችዋ!» ይለኝ ጀመር። እኔን ቢሉኝ ግድ የለኝም፤ ለራሴ መልስ አላጣም። እናቴ ግን ምን እንዳሳቃቸው ስላልገባት ሳምንቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሰነበተች። ያንን ሳይ ደሜ ፈላ። ማንም ይሁን ማን የዚያን መስኮት ሰውዬ ልክ አስገባዋለሁ ብዬ መጽሐፌን እንደያዝኩ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

ስደርስ ሰውዬው ምሳ ወጥቷል። ንዴቴን ይዤ አንድ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ ያቆመው ገና ነበርና መሬቱ ጭቃ ነው። ሰውዬው ሲመለስ ወጣት ሆኖ አገኘሁት፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። «እናቴን ያሳቅህባት አንተ ነህ?» አልኩት። ወዲያው ገባው።

«እህቴ፣ እኔ እኮ አልሳቅሁም። መስኮቴ ጋ የመጣን ሰው ሁሉ ታርጋ ነው የምጠይቀው። እሳቸው ሲመልሱ ነው ሾፌሮቹ የሳቁት።»

ሰው ለጠብ ተዘጋጅቶ ሄዶ ጠበኛ ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። «ለማንኛውም ሌላ ጊዜ የሚስቁባትን ዝም አሰኝልኝ» ብዬው ወደ ሳጥኔ ተመለስኩ። ቤት መግባት አላሰኘኝም። መጽሐፉን ገለጥኩ፤ የተገለጠው ደግሞ ፕሮቲኖች ሴል ውስጥ እንዴት ተለይተው ከቦታ ቦታ እንደሚጓጓዙ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ነው። ያንን ምዕራፍ ለመጀመሪያው ፈተና ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄው ነበር። በእንግሊዝኛ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ስለ ምን እንደሚያወራ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም፣ የሸመደዱት ሁሉ ከእኔ አይሻሉም።

እዚያ ሳጥን ላይ ሆኜ ግን አንዱን ዓይኔን መጽሐፉ ላይ፣ ሌላውን ሚኒባሶቹ ላይ ስጥል ነገሩ ድንገት ገባኝ። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦሶም የሚባል ቦታ ላይ ነው። ሲሠራ ግን ሴሉ የት እንደሚልከው ማወቅ አለበት። ከፕሮቲኖቹ ብዙዎቹ ገና ሲጀመሩ ጫፋቸው ላይ አንዲት አጭር ቁራጭ ይዘው ይወጣሉ፤ መድረሻቸውን የምትናገረው እሷ ናት። እኔ መጀመሪያ ታርጋ ናት አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ታርጋ አይደለችም። ታርጋ መኪናው የማን እንደሆነ ነው የሚናገረው። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግርሽ ታፔላው ነው፤ ቴፒ ይላል፣ ቦንጋ ይላል፣ ማጂ ይላል። ፕሮቲንም የሚጓዘው በታፔላው ነው። ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚል ታፔላ ያለው መናኸሪያ ሳይገባ በሌላ መንገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከሴሉ ውጭ የሚላከው፣ ሽፋኑ ላይ የሚቀመጠው ወይም ላይሶሶም የሚገባው ግን መጀመሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል ግቢ ውስጥ መግባት ግዴታው ነው።

ያ ግቢ መናኸሪያ ነው። ፕሮቲኑ እዚያ ውስጥ ይታጠፋል፣ ቅርጹን ይይዛል። በትክክል ያልታጠፈ መውጫ አይሰጠውም። መጽሐፉ ላይ የመውጫ ቦታ የሚል ስም እንኳ አለው፤ በእንግሊዝኛ ሸምድጄው ሳለ እናቴ የተናገረችው ቃል መሆኑን አላየሁትም። የተፈቀደለት በትንሽ ከረጢት ተሳፍሮ ጎልጂ ወደሚባለው ይሄዳል፤ እዚያም እንደገና ይለያል። ላይሶሶም የሚሄደው ላይ የስኳር ምልክት ይደረግበትና በዚያ ይታወቃል። ግቢው ውስጥ መቅረት የነበረበት ሠራተኛ ተሳስቶ ከተሳፋሪ ጋር ቢወጣ እንኳ በመመለሻ ከረጢት ወደ ቦታው ይመልሱታል። ከረጢቱ መድረሻው ሲደርስ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃዳል፣ ጭነቱም ይወርዳል። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ እንደሚሆነው ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ሰው የሳቀባት እናቴ አስተማረችኝ ማለቴ አይደለም። እሷ ተሳስታለች፣ ያውም በደንብ። ግን ስህተቷ አንድ በር ከፈተልኝ፤ የዚያ ምስጋና የእሷ ነው። ከዚያ በኋላ «ታርጋዋ» ሲሉኝ ዞር ብዬ «ታፔላ በል፣ ታርጋ አይደለም» ማለት ጀመርኩ። አይገባቸውም፤ ግራ ገብቷቸው ሲቀሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ወድቀን ለምንደግም ልጆች ዩኒቨርሲቲያችን ቴፒ ባለው ግቢ ውስጥ ቲቶሪያል ተጀመረ። ያስተማረን መምህር ክፉ ሰው አልነበረም። በራሱ ጊዜ፣ በቅዳሜው ነው የሚመጣው። ያንን ምዕራፍ ያስተማረ ቀን ግን አንድ ነገር ተናገረ። ስለ ሴሉ ግቢ ቁጥጥር እያስረዳ ነው። ሳይታጠፍ የቀረ ፕሮቲን ወዲያው አይጣልም፤ ስኳር ይለጠፍበትና እንደገና ይሞክራል። ሞክሮ ሞክሮ ካልሆነለት ወደ ውጭ ተጎትቶ ይሰባበራል። እስከዚህ መልካም። ከዚያ ቾኩን አስቀመጠና ወደ እኛ ዞረ።

«ሴል እንኳ ያልበቃውን አያሳልፍም። ተፈጥሮ ራሷ መውጫ ፈተና አላት።»

ክፍሉ ሳቀ። የሳቅነው በራሳችን ላይ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ፣ አብራኝ የወደቀች፣ አንገቷን ደፍታ ያንን ዓረፍተ ነገር ስትጽፈው አየሁ። እንደ ትምህርት ቆጥራ ጻፈችው! እኔ አልቻልኩም። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ተቆጣጣሪው ሁልጊዜ ልክ ነው?»

«በአብዛኛው ልክ ነው።»

«ልክ ያልሆነበትን እኔ ልናገር?»

«ተናገሪ። በእንግሊዝኛ ሞክሪው ግን፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው።»

«በእንግሊዝኛ ከተናገርኩ የሚሰሙት እንግሊዝኛዬን ነው፤ ፕሮቲኑን አይሰሙትም። ዛሬ ፕሮቲኑን ይስሙልኝ።»

መምህሩ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆሜ ተናገርኩ።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ በሽታ እንዳለ፣ ከመጽሐፋችን ምዕራፍ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል እንደተጻፈ ነገርኳቸው። ከታማሚዎቹ በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ጉድለት አንድ ፕሮቲናቸው አንዲት ቅንጣት፣ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ የጎደለችው መሆኑ ነው። ያ ፕሮቲን የሴሉ ሽፋን ላይ ቢደርስ እንደ ጤነኛው ባይሆንም ይሠራል። ይሠራል! ግን አይደርስም። ግቢው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ አጣጠፉን አይቶ ይይዘዋል፣ ይሰባብረዋል፤ ይዞት የተወለደው ልጅም ይታመማል። «ልጁን ያሳመመው» አልኩ፣ «ፕሮቲኑ ጨርሶ መሥራት ስላልቻለ አይደለም። እንዳይደርስ ስለተደረገ ነው።»

መምህሩ መጽሐፉን ገለጠ። ትንንሾቹን ፊደሎች አነበባቸው። ቀና ሲል «ልክ ነሽ» አለኝ። ለማለት የከበደው አልመሰለኝም። ግን አልጨረሰም።

«አሁን መድኃኒት እንደተገኘለትስ ታውቂያለሽ? መድኃኒቱ ተቆጣጣሪውን አያታልልም። ፕሮቲኑን ነው የሚይዘው፤ በደንብ እንዲታጠፍ ያግዘዋል። አንቺም እንግሊዝኛሽ ላይ ሥሪ፤ መውጫው ላይ የሚይዝሽ እሱ ነው።»

ይህም ልክ ነበር። ልክ በመሆኑ ይበልጥ ተናደድኩ። ቤንችኛ አፌን የፈታሁበት ነው፣ አማርኛ በጎረቤትና በትምህርት ቤት መጣ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሁለቱ ኋላ እያነከሰ ደረሰ፤ የእኔ ጥፋት ነው አልልም፣ ግን መውጫው ላይ የሚይዘኝ እሱ ነው።

«እሠራለሁ ቲቸር» አልኩት። «አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ያንን ፕሮቲን አልደረሰም ይበሉት፤ አይችልም አይበሉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

ከፊቴ ያለችው ልጅ የጻፈችውን በእስክሪብቶ ጭረት ሰረዘችው። መምህሩ ቾኩን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ዞረና ትምህርቱን ቀጠለ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ስለ መብቃትና አለመብቃት ደግሞ ሲናገር አልሰማሁትም።

እንግሊዝኛውን ሠራሁበት። እናቴ እርድ ስታሰጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እሷ ምን እንደምል አይገባትም፤ ዝም ካልኩ ግን ቀና ብላ ታየኛለች፣ እቀጥላለሁ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሚዛን ቴፒ ስመላለስ፣ ጫካው መሃል ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ አነባለሁ። ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የፕሮቲኖቹ ጥያቄ መጣ፤ ሳነበው ሚኒባሶቹ ታዩኝና ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤ ተቆጣጣሪዋ ገልመጥ አደረገችኝ። እሱን ያለ ጥርጥር መልሻለሁ። የሌሎቹ ምዕራፎች ጥያቄዎች ግን ረጃጅሞች ነበሩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ሳነብ ሰዓቱ ሮጠ፤ የመጨረሻዎቹን ሳላነብ ነው የነካካኋቸው። ስወጣ እንዴት ነበር ብለው ለጠየቁኝ «የማውቀውን አውቃለሁ» ብዬ መለስኩ።

ውጤቱ የመጣው በገበያ ቀን ነው። እናቴን እያገዝኩ ነበር። ቅመም ሻጮቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ገዢው ተጨናንቋል። ስልኬ ጮኸ፤ አብራኝ የተፈተነችው ልጅ ውጤት መለቀቁን ጽፋልኛለች። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ገጹን ከፈትኩ። እንደገና ወድቄያለሁ። አሁንም በጥቂት፣ ከበፊቱ ባነሰ ጥቂት።

መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ኮረሪማ ለመልቀም ጎንበስ አልኩ፤ የሚለቀም ኮረሪማ ግን አልነበረም። ቀና ስል እናቴ ፊቴን እያየች ነው። ፊት ማንበብ ትችላለች፤ ገዢ የሚከፍለውንና የሚሄደውን የምትለየው በዚያ ነው።

ከጎናችን ጨው የምትሸጥ ሴት አለች፤ ነገር የማያመልጣት። «እህ፣ የኔ እመቤት» አለችኝ በአማርኛ፣ «ወጣ እንዴ? አለፍሽ?»

እናቴ ቀደመችኝ። «ገና ነው። አልመጣም» አለቻት። ለካ ዓመቱን ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ እንዲህ ስትል ኖራለች። እኔን መደበቋ ነው። መናኸሪያ ላይ ራሷ ተስቆባት ስታበቃ፣ እኔ ላይ እንዳይሳቅ በገበያ አማርኛዋ ስለማታውቀው ፈተና ስትዋሽልኝ! አንጀቴን በላችው። ይበቃል አልኩ።

«መጥቷል» አልኩ ጮክ ብዬ። «ወድቄያለሁ። እንደገና እገባለሁ።»

ጨው ሻጯ ደንግጣ ግራና ቀኝ አየች። «ኧረ ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ።»

ሰው ሰማ። በአማርኛ የሚሰማው ሰማ ማለቴ ነው። ከረድፉ ወዲያ ማዶ ያሉት፣ ከገጠር እርድ ይዘው የመጡት ሴቶች ደግሞ ምን ተባለ ብለው በቤንችኛ መጠያየቅ ጀመሩ። እናቴን አየኋት። አንገቷን ትደፋለች ብዬ ጠበቅሁ። በሳቁት ጊዜ እንደዚያ ነበር ያደረገችው።

እናቴ ተነሳች። እርዱ ቢጫ ያደረጋቸውን እጆቿን አራገፈች። ከዚያ ገዢ በምትጠራበት ድምፅ፣ ረድፉ ዳር ድረስ በሚደርሰው፣ የተናገርኩትን አንድም ሳታስቀር በቤንችኛ ደገመችው። ልጄ ወድቃለች አለች። እንደገና ትገባለች አለች። ሴቶቹ ሰሟት፤ ማንም አልሳቀም።

ተመልሳ ተቀመጠችና ወደ ጨው ሻጯ ዞረች።

«አሁን ሰው ሰማ» አለቻት በአማርኛ።